ጋሼ ጣሪያውን ነው ያዩት

ይሄን ጽሑፍ ስጀምረውና ስተወው ሦስት ወር አለፈ። ነገሩ ሲታይ ምንም አይደለም። አንድ ቅዳሜ ሙዚየም ሄድን፣ መኪና አየን፣ ተመለስን። ግን እዚያ ውስጥ ጋሼ የጠየቁኝ አንድ ጥያቄ አለ። ሌሊት ፈረቃ ላይ እየሠራሁ እንኳ ድንገት ይመጣብኛል።

የምኖረው ጀርመን፣ ፍራይቡርግ ነው። የፈረንሳይ ድንበር አፍንጫችን ሥር ነው። ከድንበሩ ማዶ፣ አልዛስ ውስጥ፣ ሙሉዝ የምትባል ከተማ አለች፤ በባቡር አንድ ሰዓት አትፈጅም። ከመቶ በላይ ቡጋቲዎች በአንድ ጣሪያ ሥር የተሰበሰቡት እዚያ ነው። እኔ ደግሞ የቡጋቲ ነገር አይሆንልኝም። ዛሬ ዱባይ ሆቴል በር ላይ የሚቆመውን አይደለም የምላችሁ። የድሮውን ነው፤ ሰማያዊውን፣ ራዲያተሩ የፈረስ ጫማ የመሰለውን።

ጋሼ በሠላሳ ዓመት ይበልጡኛል። የተዋወቅነው ቤተክርስቲያን ነው። ድሬዳዋ ተወልደው፣ ከዚራ አድገው፣ ወጣትነታቸውን ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ የጨረሱ ሰው ናቸው። ፈረንሳይኛቸው ከምድር ባቡሩ ዘመን የተረፈ ነው፤ አሮጌ ቢሆንም ይሠራል። እኔ አንድ ቃል አልችልም። እውነቱን ለመናገር የወሰድኳቸው ለአስተርጓሚነት ነው።

ትልቁ አዳራሽ ስንገባ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። መኪናው በመኪናው ላይ ነው፤ መጨረሻው አይታይም። በመሃል በመሃሉ ፓሪስ ውስጥ አሌክሳንደር ሦስተኛ ድልድይ ላይ ያሉትን የሚመስሉ የመንገድ መብራቶች ቆመዋል፤ ወደ 800 ይጠጋሉ። ወደ ጋሼ ዞርኩ። እሳቸው አንገታቸውን ቀና አድርገው ጣሪያውን ያያሉ።

«ይሄ መፍተያ ነበር» አሉ።

ምንም አልነገርኳቸውም ነበር። እንዴት አወቁ? ጣሪያው እንደ መጋዝ ጥርስ ነው፤ መስታወቱ በአንድ በኩል ብቻ። «ብርሃኑ ከሰሜን እንዲገባ ነው። ፈትል ጥላ አይወድም» አሉኝ። ከዚያ በጣታቸው ምሰሶዎቹን ቆጠሩና «በመሃላቸው ማሽን ነው የሚቆመው» አሉ። ቀጥለውም ያቺን ጥያቄ ጣሉብኝ።

«የሚፈትሉት ሰዎችስ የት ሄዱ?»

## እኔ ሳስረዳ የነበረው

መልሱን አውቀው ነበር፤ በከፊል። ግን ልጅ ከረሜላ ቤት ሲገባ የሚሆነውን ሆኜ ስለነበር «እነግርዎታለሁ ጋሼ፣ መጀመሪያ ይቺን ይዩ» ብዬ ወደ ታይፕ 35፣ ወደ ቡጋቲ የውድድር መኪና ጎተትኳቸው።

ታይፕ 35 መጀመሪያ የተወዳደረችው በ1924 ሊዮን ላይ ነው (ዓመቶቹም ቀኖቹም ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። የዚያን ቀን ጎማዋ እየተላጠ አዋርዷታል። ከዚያ በኋላ ግን ማን ይቻላት። ሲሲሊ ተራራ ላይ የሚካሄደውን ታርጋ ፍሎሪዮን ከ1925 እስከ 1929 በተከታታይ አምስት ጊዜ ቡጋቲ ነው የበላው። ሞተሯ ሁለት ሊትር ነው፤ ስምንት ሲሊንደር በአንድ መስመር። ክብደቷ 750 ኪሎ ገደማ። ተራ ሰው ገንዘብ ካለው ከፋብሪካ ገዝቶ እሁድ መወዳደር ይችል ነበር።

እኔን የሚገድለኝ ግን ድሏ አይደለም። በርከክ ብላችሁ የፊት አክስሏን እዩ። ሌላ መኪና ላይ ባሌስትራው ከአክስሉ በላይ ወይም በታች በብሎን ይታሰራል። እዚህ አክስሉ ራሱ ተቀጥቅጦ ሲሠራ ቀዳዳ ተበጅቶለታል፤ ባሌስትራው በዚያ ውስጥ ያልፋል። ክር በመርፌ ዓይን እንደሚያልፍ። ቸርኬዋ አሉሚኒየም ነው፤ የፍሬኑ ከበሮ ከቸርኬው ጋር አንድ ላይ የተቀለጠ ነው። ጎማ ስታወልቁ ፍሬኑ እዚያው ተገልጦ ይታያችኋል።

ሠሪው ኤቶሬ ቡጋቲ ጣሊያናዊ ነው፤ ሚላኖ ነው የተወለደው። በ1909 ሞልስሃይም የምትባል የአልዛስ ከተማ ፋብሪካ ሲከፍት ቦታው የጀርመን ግዛት ነበር። ጣሊያኑ ሰውዬ፣ ጀርመን ምድር ላይ፣ የፈረንሳይን ኩራት ጀመረ። ሠራተኞቹ «ፓትሮን» ይሉታል፤ ጌታዬ እንደማለት። ደንበኛን ደግሞ ከነገሩ የሚቆጥር ሰው አልነበረም። ሌላው ዓለም በዘይት የሚሠራ ፍሬን ሲያስገባ እሱ በሽቦ የሚጎተተውን ይዞ እስከ 1930ዎቹ መጨረሻ ችክ አለ።

ስለ ሹፌሮቹ ብጀምር ሌላ ጽሑፍ ይወጣዋል። አንዱን ብቻ ልበል። በ1929 የመጀመሪያውን የሞናኮ ግራንድ ፕሪ በቡጋቲ ያሸነፈው ዊሊያም ግሮቨር-ዊሊያምስ ጦርነቱ ሲመጣ ፈረንሳይ ውስጥ ለእንግሊዝ የምስጢር ሥራ ይሠራ ነበር። ናዚዎች ይዘው ገደሉት። የጻፍኩት፣ ይቺን መኪና ሳይ ሁልጊዜ እሱ ትዝ ስለሚለኝ ነው።

## ንጉሥ ያልገዛው የንጉሥ መኪና

ከዚያ ሮያል ከሚባሉት የቡጋቲ መኪኖች አንዷ ጋ ደረስን። ኩፔ ናፖሊዮን ይሏታል። ከስድስት ሜትር በላይ ትረዝማለች። ሞተሯ 12.7 ሊትር ነው፤ አዲስ አበባ ያሉ ዘመዶቼ እንዲገባቸው የቪትዝ ሞተር ከአሥራ ሁለት ጊዜ በላይ ማለት ነው። ራዲያተሯ ጫፍ ላይ አንዲት ትንሽ የብር ዝሆን በሁለት እግሯ ቆማለች። የኤቶሬ ወንድም ሬምብራንት ቡጋቲ እንስሳት የሚቀርጽ ቀራፂ ነበር፤ በ1916 ራሱን ገደለ። ዝሆኗ ከእሱ ሥራ የተወሰደች ናት።

ኤቶሬ 25 ለመሥራት አስቦ ነበር። ለነገሥታት። የተሠሩት ስድስት ናቸው፤ የተሸጡት ሦስት። አንድም ንጉሥ አልገዛም። የዓለም ኢኮኖሚ በ1929 ወድቆ ነበርና ነገሥታቱም ኪሳቸውን ይቆጥሩ ነበር። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ሆነበት።

የተረፈውን ሞተር ምን አደረገው? ባቡር ላይ ገጠመው። ይሄን ስነግራቸው የጋሼ ፊት በራ። የባቡር ከተማ ልጅ ናቸው እኮ። አንዱ የቡጋቲ ባቡር እዚያው ሙሉዝ፣ ባቡር ሙዚየሙ ውስጥ ቆሟል። ለንጉሥ የታሰበው ሞተር ተራውን ተሳፋሪ ጭኖ በሰዓት ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ ይበር ነበር፤ ፋብሪካውንም ያኔ ከመዘጋት ያተረፈው ይኸው የባቡር ገበያ ነው።

ጦርነቱ ሲመጣ ያልተሸጡትን ሮያሎች ቤተሰቡ ኤርመኖንቪል በሚገኘው መኖሪያው ግንብ አስገንብቶ ደበቃቸው፤ ጀርመኖች እንዳይወስዷቸው። ይቺ ፊታችን የቆመችውም ግድግዳ ውስጥ ተቀብራ ነው ጦርነቱን ያሳለፈችው።

ከቡጋቲ ሌላ ያሉትንም ዞረን አየን። ደላኤ፣ ታልቦ-ላጎ፣ ደላዥ። ቆንጆዎች ናቸው፤ ፓራፋንጓቸው የውሃ ጠብታ ነው የሚመስለው። ከጦርነቱ በኋላ ግን የፈረንሳይ መንግሥት ትልቅ ሞተር ላይ ከባድ ግብር ጣለ፤ ብረቱም ለትንንሽ መኪና ሠሪዎች ነበር የሚታደለው። ሁሉም አንድ በአንድ ጠፉ። ደላኤን በ1954 ሆችኪስ ዋጠው። አዎ፣ ያው ሆችኪስ፤ አድዋ ላይ ያጓሩት ፈጣን መድፎች ከዚያ ቤት የወጡ ናቸው። የዳነው ትንሽ ሞተር ያልናቀው ነው። ዲየፕ ከተማ ላይ ዣን ሬዴሌ የሚባል የሬኖ ነጋዴ በ1955 አልፒን ብሎ ጀመረ። ቀላል የፋይበር አካል በሬኖ ሞተር። በ1973 የመጀመሪያውን የዓለም ራሊ ሻምፒዮና ያነሳው አልፒን ነው። ይሄን እዚህ የማነሳው ቡጋቲዎች በኩራታቸው ሞቱ የሚል ሰው ስላለ ነው። ግብሩም ገድሏቸዋል።

## ሁለት በሮች

ጋሼ ካፌው ውስጥ ቡና ይዘን ስንቀመጥ «አሁን ንገረኝ» አሉ። አልረሱም።

ከሞልስሃይም ጀመርኩ። በ1936 ሰኔ ፈረንሳይ በሙሉ አድማ ነበር። የቡጋቲ ሠራተኞችም ፋብሪካውን ያዙ። ኤቶሬ ሊያምን አልቻለም። ሠራተኞቹን እንደ ቤተሰቡ ነበር የሚያያቸው፤ ቢያንስ እሱ እንደዚያ ነበር የሚያስበው። ተቀየመ። ፓሪስ ሄደና ፋብሪካውን ለልጁ ለዣን ተወለት። ዣን 27 ዓመቱ ነበር። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በነሐሴ 1939፣ «ለ ማን» በሚባለው የሃያ አራት ሰዓት ውድድር ያሸነፈችውን መኪና ሲሞክር መንገዱ ላይ ከገባ ብስክሌተኛ ለመሸሽ ብሎ ከዛፍ ጋር ተጋጨና ሞተ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ጦርነቱ ጀመረ። አባቱ በ1947 ተከተለው። ከዚያ በኋላ ያለው የቡጋቲ ታሪክ መንፈራገጥ ነው፤ በ1963 ፋብሪካው ተሸጠ።

«ይሄ አንደኛው በር ነው» አልኳቸው። «ሠራተኛው በጌታው ላይ የዘጋው።» ጋሼ ስኳራቸውን እያማሰሉ ዝም አሉ።

ሁለተኛው በር እኛ የተቀመጥንበት ነው። ሃንስና ፍሪትዝ ሽሉምፍ የሚባሉ ወንድማማቾች ነበሩ፤ ስዊሶች፣ ሙሉዝ ያደጉ፣ ሱፍ ፈትለው የከበሩ። ፍሪትዝ ቡጋቲ ያዘው። በሽታ ነው የምላችሁ። ከ1960ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ያገኘውን ይገዛል። በ1963 ከራሱ ከቡጋቲ ቤት ይቺን ኩፔ ናፖሊዮን ጨምሮ ገዛ። በ1964 አሜሪካ፣ ኢሊኖይ ውስጥ የአንድ ሰብሳቢን 30 ቡጋቲ ባንዴ ጠቅልሎ ገዛ። የጉዞውን ፎቶ ፈልጋችሁ እዩ፤ ክፍት የባቡር ፉርጎ ላይ ቡጋቲዎቹ እንደ ከብት ተደርድረው ሲጫኑ ያሳያል።

ሁሉንም የከተተው እዚህ የቀድሞ መፍተያ ውስጥ ነው። መካኒክ፣ ባትላሜራ፣ ቀለም ቀቢ፣ ወንበር ሰፊ፣ ወደ አርባ ሰው ቀጥሮ ለዓመታት በዝግ በር አሠራ። ሰው አይገባም። ቦታው ለእናታቸው ለዣን ሽሉምፍ መታሰቢያ እንዲሆን ነበር የታሰበው። መብራቶቹን አስቀርጾ አቆመ፣ ምግብ ቤት ሳይቀር አዘጋጀ፣ ግን አልከፈተውም። ከ400 በላይ መኪና ለአንድ ሰው ዓይን።

በዚህ መሃል የሱፍ ገበያ ወደቀ። ሰው ሠራሽ ክር መጣ፣ ከውጭ የሚገባ ርካሽ ጨርቅ መጣ። በ1976 ፋብሪካዎቹ መክፈል አቃታቸው፤ ሠራተኛው ወጣ። ወንድማማቾቹ ባዝል ገቡ። ባዝል ከሙሉዝ በባቡር ግማሽ ሰዓት ቢሆን ነው፤ ግን ስዊስ ነው፣ እነሱም ስዊሶች ናቸው። ኑሯቸው እዚያው ሆነ። ሃንስ በ1989፣ ፍሪትዝ በ1992 እስኪሞቱ።

መጋቢት 7 ቀን 1977 ሠራተኞቹ ያንን የተዘጋ በር አልፈው ገቡ።

## የዚያን ቀን

ሦስት ወር ሙሉ የማስበው ይሄን ነው። እስቲ አስቡት። ደሞዝህ ቆሟል። «ገንዘብ የለም» ተብለሃል። ስለ መኪናዎቹ ወሬ ሰምተሃል፣ ምን ያህል እንደሆኑ ግን አታውቅም። በሩን ታልፋለህ። ፈትል ይሽከረከርበት የነበረው አዳራሽ፣ ወለሉ ተጠርጓል፣ የፓሪስ መብራት ቆሟል፣ ከሥሩ የተወለወለ ሰማያዊ፣ ቢጫ፣ ጥቁር። አንዱን ትነካለህ። ቀዝቃዛ ነው። ያንተ የትርፍ ሰዓት የትኛዋ ውስጥ ነው ያለው? ቸርኬው ውስጥ? ዝሆኗ ውስጥ?

እኛ ጋ አንድ ተረት አለ፤ የአባትህ ቤት ሲዘረፍ አብረህ ዝረፍ። አሳፋሪ ተረት ነው፣ ግን ሰው የሚሆነውን ያውቃል። የዚያን ቀን ማንም ሰው አንድ መሪ፣ አንድ የፊት መብራት ነቅሎ ቢሄድ እኔ በበኩሌ አልፈርድበትም ነበር። ፒንሳ ይዤ እገባ ነበር ብል ሳይሻል አይቀርም።

እነሱ ያደረጉት ሌላ ነው። ቦታውን «የሠራተኞች ፋብሪካ» ብለው ሰየሙት። ለሕዝብ ከፈቱት። ሁለት ዓመት ተራ እየገቡ ጠበቁት። በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሰው መጥቶ አየ። መኪናዎቹ እንዳይበታተኑ በ1978 መንግሥት እንደ ታሪካዊ ቅርስ አስመዘገባቸው። በ1979 በፍርድ ቤት ትእዛዝ ወጡ። በ1981 ስብስቡ በ44 ሚሊዮን ፍራንክ ተሸጠ፤ የሽሉምፍ ቤተሰብ ዋጋው ስድብ ነው ብሎ ለዓመታት ተሟገተ። በ1982 ሙዚየም ሆነ። ዛሬ በሩ ላይ የማን ስም አለ? የሽሉምፍ። የፈታዮቹ ስም የለም።

እዚህ ላይ ሐሳቤ ይጣላብኛል። ፍሪትዝ ባይኖር እነዚህ መኪኖች ግማሹ ቁርጥራጭ ብረት ሆኖ ነበር። በ1950ዎቹ አሮጌ ቡጋቲ ብዙ ሰው የማይፈልገው ዕቃ ነበር። ሰውዬው ወዷቸዋል። ግን በሌላ ሰው ገንዘብ ነው የወደዳቸው፤ ወይስ በራሱ? ፋብሪካው የራሱ ነው። እንደገና ደግሞ ማን ነው ያንን ሱፍ የፈተለው? አንዱን ጫፍ ስይዝ ሌላው ያመልጠኛል።

ጋሼ ቡናቸውን ጨርሰው «ና» አሉኝ። ወደ አዳራሹ ተመለስን። ሁለት ምሰሶ መሃል፣ አንዲት ታይፕ 57 አጠገብ ቆሙ። ግራ እጃቸውን ዘረጉ፤ በቀኝ እጃቸው ከአየር ላይ አንድ ነገር ያዙ፣ በአውራ ጣትና በሌባ ጣታቸው መሃል አሹት፣ ለቀቁት። ደግመው እንደዚያ አደረጉ። የተበጠሰ ክር ሲቀጠል ነው። ማሽኑ ሳይቆም። «በፈረቃ መቶ ጊዜ፣ ሁለት መቶ ጊዜ ይበጠሳል» አሉ። ጣታቸው ሰባ ዓመት የሞላው ጣት አይመስልም ነበር።

ጠባቂዋ መኪናውን ሊነኩ መስሏት ከሩቅ «ሙሲዮ!» አለች። ጋሼ በከዚራ ፈረንሳይኛቸው አንድ ነገር መለሱላት። ልጅቷ ፈገግ አለችና ሄደች። ምን እንዳሏት ስጠይቃቸው «መኪናሽን አልፈልግም፣ ቦታዬን ነው ያየሁት አልኳት» አሉኝ።

በማግሥቱ እሁድ ማታ ደወልኩላቸው። አንድ የረሳሁት ነገር ነበር። ሠራተኞቹ አዳራሹን በያዙ ጊዜ አንዲት መኪና አቃጥለዋል። ለተቃውሞ። ያልታደሰች፣ የተበላሸች፣ እንግሊዝ ሠራሽ ኦስቲን 7 ናት። ከዚያ ሁሉ መኪና አንዲት ብቻ።

ስልኩ ውስጥ ዝም አሉ። የተቋረጠ መስሎኝ «ጋሼ?» አልኩ።

«አለሁ» አሉ። «ማን መረጣት?»

«አቤት?»

«ኦስቲኗን ነዋ። ያ ሁሉ የተናደደ ሰው፣ ያ ሁሉ መኪና። የማትረባዋን ለይቶ ያወጣት ማን ነው?»